የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ማይኩ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራ ሥራ

በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። ሦስቱም የጋዜጠኝነት ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ትምህርታቸው የሠሯቸውን ዘገባዎች መነሻ አድርገው የላኳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ብዙ ተማሪዎችን የሚገጥም በመሆኑ መልሱን አስፍተን ሰጥተናል። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ አላወጣነውም።

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሬዲዮ ዝግጅት ትምህርት በከተማችን የውሃ ፈረቃ ላይ የሰባት ደቂቃ ዘገባ ሠርቼ አቀረብሁ። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ባለሙያ አነጋግሬአለሁ፤ ከቦኖ ውሃ የሚቀዱ እናቶችን ጠይቄአለሁ፤ አሃዝም አስገብቻለሁ። መምህሬ አዳምጠው ሲጨርሱ ግን «ሁሉም ነገር አለ፤ ሰው ግን የለበትም» አሉኝ። ከዚህም ሌላ የአንዷ እናት ድምፅ በባጃጅ ጩኸት ተውጦ ሊለይ አልቻለም፤ የሌላዋን ደግሞ በአቅራቢያችን ካለው ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ መዝሙር ይሰማ ስለነበር ንግግራቸውን ቆርጬ ሳቀጣጥለው መዝሙሩ እየዘለለ አስቸገረኝ። የመመረቂያ ሥራዬም የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ሰው የሌለበት ዘገባ ማለት ምን ማለት ነው? በሚቀጥለው ሥራዬስ ከየት ልጀምር? የዘገባዬን ቅጂና ስክሪፕቱን አያይዤ ልኬአለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልንን ቅጂ ከስክሪፕቱ ጋር እያስተያየን ደጋግመን አዳምጠነዋል። ርእስዎ ከባድና አስፈላጊ ርእስ ነው፤ አነባበብዎም የተረጋጋና የሚደመጥ ነው። መምህርዎ የጠቆሙት ጉድለት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዘገባዎ ውስጥ ባለሙያው «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ችግሩን ለመቅረፍ እየተሠራ ነው» ይላሉ፤ ቦኖው አጠገብ ያነጋገሯቸው እናት ደግሞ «የውሃ አቅርቦት ችግር አለብን፤ የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይስጠን» ይላሉ። የሁለቱ ሰዎች ኑሮ እጅግ የተራራቀ ሆኖ ሳለ ንግግራቸው እንዴት አንድ ዓይነት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ በስክሪፕትዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይታያል። ለሁለቱም ያቀረቡት ጥያቄ «በከተማችን ያለው የውሃ አቅርቦት ችግር ምን ይመስላል?» የሚል ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ማይክ ሲቀርብለት ደግሞ ደንብ እንዳያጓድል በመስጋት በዜና ሲነገር የሰማውን አነጋገር ተበድሮ ይናገራል። እኚሁ እናት ማይኩ ከተዘጋ በኋላ ከጎረቤታቸው ጋር ስለዚያው ውሃ የሚያወሩበት አማርኛ ፈጽሞ ሌላ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ መምህርዎ ያጡት ሰው በዚያ አማርኛ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎ ከችግሩ ስም ሳይሆን ከሰውየዋ ውሎ ይነሣ። ውሃው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነበር? ሌሊት ከሆነ ማን ነቅቶ ቀዳ? ስንት ጀሪካን ሞላ? የመጀመሪያው ጀሪካን ለምን ዋለ? ቤት ውስጥ አራስ ወይም በሽተኛ ካለ ማን ይቀድማል? ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይጠጋልና ያንን ዳገት ይዞት የሚወጣው ማን ነው ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ ጊዜ ያለው፣ ሰው ያለው፣ አንዳንዴም እርስዎ ያላሰቡትን ጉዳይ የሚያነሣ መልስ ይሆናል። ከመለሱልዎም በኋላ ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይሩጡ። በቅጂዎ ውስጥ አንደኛዋ እናት «ባለፈው ሳምንትማ...» ብለው ሲጀምሩ እርስዎ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብለው ሲያቋርጧቸው ይሰማል። ከሰባቱ ደቂቃ ሁሉ እጅግ የቆጨን ያ ቦታ ነው፤ ምናልባት ዘገባው የሚጀምረው ከዚያ ነበር። አንድ ሰው ተናግሮ ዝም ሲል ጠያቂው ጥቂት ቢታገሥ ተናጋሪው ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ይቀጥላል፤ ካልቀጠለም «ከዚያስ?» የሚል አጭር ጥያቄ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማይኩን ሳይከፍቱ ቦታው ላይ መዋል ያስፈልጋል። ቦኖው የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው? ተራውን የሚያስከብረው፣ ሒሳቡን የሚሰበስበው ማን ነው? ጀሪካኑን በሰልፍ አስቀምጦ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ተራው እንዴት ይጠበቅለታል? እነዚህን በዓይንዎ ካዩ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ከወረቀት የተቀዳ አይሆንም። ሰዎቹም አስቀድመው ስላዩዎት እንደ እንግዳ አይርቁዎትም። እዚያው ተቀምጠው የሚሰማውን ነገር ልብ ይበሉ፤ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው አየር እየተፋ ያንኮራፋል፤ ባዶ ጀሪካን በኮብልስቶኑ ላይ ሲጎተት አንድ ዓይነት፣ ሲሞላ ሌላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ አንዷ «ተራዬን!» ስትል ሌላዋ ትመልሳለች። በዘገባዎ ውስጥ «ነዋሪዎች ለረጅም ሰዓታት ሰልፍ ለመጠበቅ ተገደዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብበዋል፤ ስለ ውሃ በተሠራው የሰባት ደቂቃ ዘገባ ውስጥ ግን ውሃ ሲወርድ የሚሰማበት አንድም ቦታ የለም። የቦኖውን ድምፅ ለሃያ ሰከንድ ያህል ብቻውን ቢያሰሙ ያ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም ነበር። በሬዲዮ የአካባቢ ድምፅ ራሱን የቻለ ማስረጃ ስለሆነ እንደ ቃለ መጠይቁ ሁሉ ታቅዶና ጊዜ ተሰጥቶት ይቀረጻል።

ሰውን ወደ ዘገባ ማስገባት ማለት የምሬት ድምፅ መደርደር ማለት እንዳልሆነም አብረን እናስታውስ። አድማጩ መጨነቃቸውን ከሰማ በኋላ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ጎንደር ውሃ ከምታገኝባቸው ምንጮች አንዱ በአንገረብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ነው፤ ከዙሪያው ተዳፋት በጎርፍ የሚወርደው አፈር በግድቡ ውስጥ እየተኛ የሚይዘውን የውሃ መጠን መቀነሱ በተመራማሪዎች ሲጠና የቆየ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለባለሙያው የሚቀርበው ጥያቄም እንደ እናቶቹ ጥያቄ ተጨባጭ መሆን አለበት፦ ግድቡ ሲሠራ ይይዝ የነበረው ምን ያህል ነበር፣ ዛሬስ? ፈረቃው የሚወሰነው በማን ነው? ሰሌዳው የት ተለጥፏል? ከተለጠፈው ሰሌዳ ውጪ ውሃ ሳያገኙ የቀሩ ሰፈሮች ቅሬታቸውን ለማን ያቀርባሉ? ባለሙያው አሁንም ወደ «ባለድርሻ አካላት» ከሄዱ በአክብሮት «ለምሳሌ?» ይበሏቸው። ከባለሙያው ቢሮ ወጥተው ግድቡ ራሱ ዘንድ ቢሄዱ ደግሞ፣ ከተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው ገበሬና ከታች ጀሪካን ይዛ የምትጠብቀው እናት በአንድ ዘገባ ውስጥ ሲገናኙ መስማት ይቻል ነበር፤ የመመረቂያ ሥራዎን በዚሁ ርእስ ላይ ለመሥራት ቢያስቡ ይህን መንገድ አጥብቀን እንመክርዎታለን።

አሁን ወደ ድምፁ ጥራት እንለፍ። የባጃጁም የመዝሙሩም ችግር መነሻው አንድ ይመስለናል፤ ሲቀርጹ ሄድፎን አላደረጉም። የሰው ጆሮ የሚፈልገውን ድምፅ መርጦ ሌላውን ስለሚያሳልፍ ከፊትዎ የቆመችው እናት ስትናገር ባጃጁን አይሰሙትም፤ ማይኩ ግን ምርጫ የለውም። በሄድፎን የሚሰማ ሰው ችግሩን እዚያው ስለሚያውቀው «እናቴ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ገባ እንበል» ለማለት ጊዜ አለው። ማይኩን ከተናጋሪዋ አፍ አንድ ስንዝር ያህል፣ ማለትም ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ በ«ፐ»ና በ«ጰ» ጊዜ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ከአፏ ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት። ሁካታ ባለበት ቦታ ከዚህም ይቅረቡ፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የተናጋሪዋ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር የጀርባው ጩኸት ግን እዚያው ይቀራል። የሚይዙት ማይክ ከፊት ለፊቱ ብቻ የሚሰማ ዓይነት ከሆነ እርስዎ ጀርባዎን ለመንገዱ ሰጥተው ይቁሙ፤ እንዲህ ሲሆን የማይኩም ጀርባ ወደ ባጃጁ ይዞራል። የስልክ ማይክ ግን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰማ ይህ ዘዴ አይጠቅመውም፤ መፍትሔው መቅረብ ወይም ቦታ መቀየር ነው። የድምፁ መጠን ሲጎላ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ባለው መካከል ይዋል። ዜሮን ነክቶ የተሰባበረ ድምፅ በኋላ በሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይጠገንም፤ ትንሽ ያነሰ ድምፅ ግን ከፍ ሊደረግ ይችላል።

መዝሙሩን በተመለከተ፣ አርባ አራት ታቦት በሚባልላት ከተማ እየኖሩ ከዚህ ችግር ፈጽሞ ማምለጥ አይቻልም፤ ሆኖም ዜማ ያለው ማንኛውም ድምፅ፣ መዝሙርም ሆነ አዛን ወይም የካፌ ሙዚቃ፣ ከንግግር ጀርባ ሲኖር የተቆረጠውን ቦታ ሁሉ ለአድማጭ ያሳብቃል። እስኪያልቅ መጠበቅ ወይም ወደ ቤት መግባት ይሻላል። በክረምት ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከመዝሙሩ የባሰ ነውና ክፍሉን ሲመርጡ ጣራውንም ይዩ። አሁን በእጅዎ ያለውን ቅጂ ለማዳን ከፈለጉ የእናትየዋን ንግግር ከመሃል አይቁረጡት፤ አንድ ሳይቆረጥ የሚሄድ ክፍል መርጠው ያስገቡና መዝሙሩ ቀስ በቀስ እየጠፋ በእርስዎ ትረካ ሥር እንዲገባ ያድርጉ። ለወደፊቱ ደግሞ በእያንዳንዱ ቦታ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ማንም ሳይናገር የአካባቢውን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ለብቻው ይቅረጹ። ሲቀናበር ስፌቱን የሚሸፍነው እሱ ነው።

ስለ ፋይሎቹ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ቅጂውን ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ (WAV) ፎርማት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ ያድርጉት፤ በ16 ቢትና በአንድ ቻናል ሲቀረጽ አንድ ሰዓት ወደ 345 ሜጋ ባይት ብቻ ይይዛል። ለጓደኛዎ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ወደ ቤትዎ እንደገቡም መብራት ሳይጠፋ ወደ ሁለተኛ ቦታ ይገልብጡት።

ስክሪፕትዎ ላይ በሰፊው መናገር የምንፈልገው አለ፤ በጽሑፍ ጥሩ የሆነው አማርኛዎ በጆሮ ሲሰማ ይከብዳልና። አማርኛ ግሱን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ አንባቢ ዓይኑን መልሶ ሊያይ ቢችልም የሬዲዮ አድማጭ ግሱ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም ነገር በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይጠብቃል። የእርስዎ የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር አራት መስመር ሄዶ «ተናገሩ» ላይ ሲደርስ አድማጩ ማን ምን እንደተናገረ ረስቶታል። «ባለሙያው እንዳሉት» ብለው ተናጋሪውን ፊት ላይ ያምጡት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጉዳይ ይያዝ። ሌላው፣ ከእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ በፊት እርስዎ የሚሉትን ተናጋሪዋ መልሳ ትለዋለች። «ወይዘሮዋ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚያገኙ ይናገራሉ» ካሉ በኋላ «ውሃ የምናገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው» የሚል ድምፅ ይከተላል። ይህ በየጣቢያው የተለመደ ቢሆንም መጥፎ ልማድ ነው። መግቢያው ወደ ሰውየዋ የሚያደርስ እንጂ የምትለውን ቀድሞ የሚጨርስ መሆን የለበትም፤ «ወይዘሮዋ ዛሬ የመጡት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው» ብለው ቢያቆሙ የቀረውን እሳቸው ይሉታል። አሃዙንም ይቀንሱ፤ በአንድ ትንፋሽ ያነበቧቸውን አምስት ቁጥሮች ማንም አይዝም፤ አንዱን መርጠው ከሰው ኑሮ ጋር ያያይዙት። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይም በሚያሳስቱ ፊደሎች ላይ ነጥብ አድርገው ያንብቡ። የዘገባዎን ርዝመት ሲያሰሉ ከውጭ መጻሕፍት የተወሰደውን የቃላት ብዛት ሒሳብ አይከተሉ፤ በአማርኛ አንዱ ቃል ብቻውን ዓረፍተ ነገር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንብበው በሰዓት ይለኩት።

በመጨረሻ፣ በደብዳቤዎ ግርጌ የውሃውን ድምፅ ከኢንተርኔት አውርደው ማስገባት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀውናል። አይችሉም። አድማጩ የሚሰማው የዚያ ቦኖ ድምፅ እንደሆነ አምኖ ነው የሚያደምጠው፤ ያልነበረን ድምፅ ማስገባት ያልተባለን ቃል በሰው አፍ እንደማስገባት ነው። እናትየዋን «ውሃ እንደሚቀዱ ያስመስሉልኝ» ማለትም ከዚሁ አይለይም። ተመልሰው ሄደው ይቅረጹት፤ ቦኖው ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለቴሌቪዥን ትምህርት በጎንደር አቅራቢያ ስላሉት የወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪዎች የአምስት ደቂቃ ዘገባ በስልኬ ሠራሁ። መክፈቻው የፋሲል ግቢ ምስል ነው። ምስሎቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቤት ውስጥ የቀረጽኋቸው እናት ፊታቸው ጨልሟል፣ ከሁሉ የከፋው ግን ኤዲት ላይ ስቀመጥ ምስል አነሰኝና አንዱን ምስል ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ጥሩ ካሜራ ቢኖረኝ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አብዛኛው አይቀርም ነበር። የዛሬ ስልኮች ለአንድ ተማሪ ዘገባ ከበቂ በላይ ናቸው።

ምስል ያነሰዎት ሥራውን በቅደም ተከተሉ ስላልቀረጹት ይመስለናል። ሸክላ መሥራት ለካሜራ የተመቸ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለውና። ጭቃው ሲቦካ፣ በእጅ ቅርጽ ሲይዝ፣ ሲለሰልስ፣ ሲደርቅ፣ እሳት ሲገባ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ሁሉም ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ቢያንስ ሰፊ ምስል (ሴትዮዋ ከነግቢያቸው)፣ መካከለኛ ምስል (ከወገብ በላይ ከሥራው ጋር)፣ ቅርብ ምስል (እጆቻቸው ብቻ) እና ፊታቸውን ሥራውን ሲያዩ ለየብቻ ይቅረጹ። እርጥቡ ጭቃ በጣቶቻቸው መሃል ሲወጣ፣ አውራ ጣታቸው የጀበናውን አንገት ሲያጠብብ፣ እነዚህን ከቅርብ ያየ ተመልካች ትረካ ሳይሰማ እንኳን ጥበቡን ይረዳል። እያንዳንዱን ምስል ስልኩን ሳያንቀሳቅሱ ለአሥር ሰከንድ ያቆዩት፤ ሰከንዱን በልብዎ ይቁጠሩ። በስልኩ ዙም አይጠቀሙ፤ በእግርዎ ይቅረቡ። ትሪፖድ ከሌለዎት ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ግድግዳ ይደገፉ። ሸክላ በየቀኑ ስለማይተኮስ የሚተኮስበትን ቀን አስቀድመው ጠይቀው ይሂዱ።

ስለ ብርሃኑ፣ የእናትየዋ ፊት የጨለመው በሩን ከኋላቸው አድርገው ስለቀረጿቸው ነው። ስልኩ ራሱን የሚያስተካክለው በበሩ ብርሃን ስለሆነ ፊታቸውን ጥላ ያደርገዋል። በሩ ከጎናቸው እንዲሆን ያስቀምጧቸውና ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ተጭነው ይዘው ብርሃኑንና ፎከሱን ይቆልፉት። ከቤት ውጭ ሲሆን ደግሞ የቀትሩ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሚሆን ዓይንን በጥላ ይሸፍናል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ይቅረጹ። ቤት ውስጥ በመብራት ሲቀርጹ ምስሉ የሚርገበገበው የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ስልክዎ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) እና የ1/50 ሰከንድ ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ያድርጉ። ማይኩን ነጠላቸው ላይ ከሰኩት ጨርቁ ሲያሻሸው ስለሚሰማ ከነጠላው ሥር ባለው ቀሚሳቸው አንገት ላይ ያድርጉት።

የፋሲል ግቢን መክፈቻ በተመለከተ አስተያየታችን ግልጽ ነው፤ ያውጡት። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ቀርቶ ከዚያም በፊት ስንት ጊዜ እንደተቀረጸ ማን ይቆጥራል? በጎንደር የሚሠራ የተማሪ ዘገባ ሁሉ፣ ስለ ጤናም ይሁን ስለ ገበያ፣ በግንቡ መጀመሩ ከተማዋን አንድ ፖስት ካርድ አድርጓታል። ታሪክዎ ያለው ወለቃ ነው፤ እዚያው በጭቃው ይጀምሩ። ወለቃ ብዙዎቹ ነባር የቤተ እስራኤል ነዋሪዎቿ ወደ እስራኤል የሄዱባት መንደር ናት፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ሙያውን ከማን እንደተማሩ መጠየቅ ብቻውን ጠንካራ ዘገባ ይወጣዋል። በትረካዎ ውስጥ «እነዚህ ምስኪን እናቶች» የሚል አነጋገር ሁለት ቦታ ላይ አለ። በአገራችን የሸክላ ሠሪዎች ሙያ ለዘመናት በንቀት ሲታይ እንደኖረ ያውቃሉና ቃል ሲመርጡ ይጠንቀቁ፤ ባለሙያ ናቸው፣ በስማቸውና በሙያቸው ይጥሯቸው። ቀርጸው ሲጨርሱም ሥራውን ወስደው ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ ለዘገባዬ መረጃ ፈልጌ ወደ አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ስሄድ «አንተ ተማሪ እንጂ ጋዜጠኛ አይደለህም» ተብዬ ተመለስሁ። ሌላ ችግር ደግሞ ያነጋገርኋቸው አንዲት ሴት በማግሥቱ ደውለው «ድምፄን አታውጣው» አሉኝ። ሥራውን የማስረክብበት ቀን ደርሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የማግኘት ነፃነትን የሰጠው ለማንኛውም ሰው እንጂ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነፃነት ክፍልም መረጃ የመጠየቅን መብት ለሁሉም ሰው ያረጋግጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስም ያዛል። ስለዚህ ጥያቄዎን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀን ጽፈውና ፈርመው፣ ከትምህርት ክፍልዎ የትብብር ደብዳቤ ጋር ያስገቡ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥርም ይያዙ። የሚፈልጉትን በዝርዝር ይጻፉ፤ «ስለ መንገድ ሥራው መረጃ» ከማለት «በዚህ ዓመት በማራኪ ክፍለ ከተማ ለተጀመረው መንገድ የተመደበው በጀትና የሚጠናቀቅበት ቀን» ማለት መልስ ለማግኘት ይቀላል። ሠላሳ ቀን ረጅም ጊዜ ስለሆነ ግን ሥራው በተሰጠዎት ዕለት መጠየቅ ይኖርብዎታል። መልስ ካላገኙ በዘገባው ውስጥ መቼ እንደጠየቁና እንዳልተመለሰልዎ በጨዋ ቃል ይግለጹ።

ሴትዮዋ ግን የሕዝብ ሥልጣን የያዙ ሰው አይደሉም። የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ኑሮ ነው፤ ሥራዎም ገና አልተላለፈም። ድምፃቸውን ከዘገባው ያስወግዱት። ለምን እንደፈሩ በስልክ አያስጨንቋቸው፤ ድምፃቸውን ቀይረው ቢያስገቡ ይስማሙ እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁ፣ አይሆንም ካሉ በዚያው ይብቃ። ጎረቤት ሰውን ከድምፁ ውጪም በአነጋገሩና በታሪኩ ስለሚያውቀው፣ ድምፁን መቀየር ብቻ ማንነትን እንደማይደብቅም አስቀድመው ይንገሯቸው። ይህ እንዳይደገም ከመቅረጽዎ በፊት ማን እንደሆኑ፣ ሥራው ለማን እንደሚቀርብ፣ ከክፍል ውጪ በዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ይወጣ እንደሆነ በግልጽ ተናግረው ፈቃዳቸውን በዚያው ቅጂ መጀመሪያ ላይ ይቅረጹ። ሕፃን ሲሆን የወላጅ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ወላጅ ቢፈቅድም ልጁን በኋላ የሚያሳፍረው ወይም የሚጎዳው ከሆነ አይጠቀሙበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃኑን ጥቅም ያስቀድማል።

የማስረከቢያው ቀን ስለደረሰ የሴትዮዋን ክፍል አውጥተው በቀረው ቅጂ ዘገባውን ያጠናቅቁ፤ ቢያጥርም ይጠር። ከሥራው ጋር ምን እንዳወጡና በምን ምክንያት እንዳወጡት የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ የሴትዮዋን ማንነት ሳይጠቅሱ፣ ለመምህርዎ ያያይዙ። የሴትዮዋ ድምፅ ያለበትንም የመጀመሪያ ቅጂ ከስልክዎና ከኮምፒውተርዎ ያጥፉት።